ትርፍ ቴምብር የት ይዋል?

ቴምብር መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሁሉ ብዙም ሳይቆይ አንድ ችግር ይገጥመዋል። አልበሙ ለአንድ ዓይነት ቴምብር የሚሰጠው ቦታ አንድ ነው፤ በእጁ የገባው ግን ሃያ ወይም ሁለት መቶ ነው። በየዕለቱ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው ተራ ቴምብር በብዛት ስለሚታተም በብዛት ይገኛል። ቢሸጡት ዋጋ አያወጣም፣ ቢጥሉት ያሳዝናል። ስለዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባና ይረሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ቆርቆሮ ማስከፈት ነው። አንድ ብርቅ ቴምብር ብቻውን የማያስተምረውን ተራ ቴምብር በብዛቱ ያስተምራል። ስለዚህ ትርፍ የሚባሉትን ቴምብሮች የምንመዝነው በዋጋቸው ሳይሆን ብዙ ሆነው በሚሠሩት ሥራ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፖስታው ማላቀቅ

ሥራው የሚጀምረው ከመቀስ ነው። ቴምብሩን ከፖስታው ላይ ሲቆርጡ በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ይተዉ። ወደ ቴምብሩ ተጠግቶ የሚቆርጥ ሰው የጠርዙን ጥርሶች ይጎዳል፤ ጥርሱ የተቆረጠ ቴምብር ደግሞ ለሰብሳቢ አይሆንም። ከዚያ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ሙጫው ይለቃል። ያኔ ቴምብሩን ከወረቀቱ ላይ ከመጎተት ወረቀቱን ከቴምብሩ ጀርባ ቀስ አድርጎ ማንሳት ይሻላል፤ ቢቀደድም የሚቀደደው ወረቀቱ ይሆናል። በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ያድርቁት፤ ሊደርቅ ሲል በወፍራም መጻሕፍት መካከል ይጫኑት።

ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ያለውን ፖስታ ለብቻው ይንከሩ፤ ቀለሙ ለቆ ሌሎቹን ያበላሻል። በራሱ የሚጣበቀውን ዘመናዊ ቴምብር ግን ብዙ ጊዜ ውሃ አያላቅቀውም፤ ከነወረቀቱ በጥሩ ሁኔታ ተቆርጦ ቢቀመጥ ይመረጣል። ማኅተሙ በግልጽ የሚነበብ ወይም ዕድሜ ያለው ፖስታ ከሆነ ደግሞ መቀሱን ያስቀምጡና ፖስታውን እንዳለ ያቆዩት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ የሚመስሉት አንድ አይደሉም

ትርፍ ብለን ከመለየታችን በፊት በእርግጥ ትርፍ መሆናቸውን እናረጋግጥ። ለዚህ ከእንግሊዙ ባለ አንድ ፔኒ ቀይ ቴምብር የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ ጥቁሩ ባለ አንድ ፔኒ፣ በ1840 ወጣ። ይመታበት የነበረው ቀይ ማኅተም ታጥቦ እየለቀቀ ቴምብሩን ዳግመኛ ለመጠቀም ያመች ስለነበር፣ በቀጣዩ ዓመት የቴምብሩ ቀለም ወደ ቀይ ተለወጠ፤ ማኅተሙም ጥቁር ሆነ። ቀዩ ቴምብር እስከ 1879 ድረስ በቢሊዮኖች ስለታተመ አሁንም በርካሽ የሚገኝ ተራ ቴምብር ነው።

ወደ ማዕዘኖቹ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ትንንሽ የላቲን ፊደላትን ያያል። ቴምብሩ ሲታተም በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ 20 ረድፍ፣ በያንዳንዱ ረድፍ 12፣ በጠቅላላው 240 ቴምብር ነበረው። አንድ ፓውንድ በዚያ ዘመን 240 ፔኒ ስለነበር የአንድ ወረቀት ዋጋ ልክ አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር። የማዕዘኑ ፊደላት ቴምብሩ በስንተኛው ረድፍ ስንተኛው እንደሆነ ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው «ኤ» እና «ኤ»፣ የመጨረሻው «ቲ» እና «ኤል» ነው። የተቀመጡት አስመሳይ ቴምብር የሚሠሩ ሰዎችን ለማስቸገር ነበር። ለሰብሳቢ ግን ሌላ በር ከፈቱ፤ 240ውን አንድ በአንድ አሰባስቦ ሙሉውን ወረቀት እንደገና መገንባት። በ1864 የወጣው ዓይነት ደግሞ በግራና በቀኝ ሐረጉ ውስጥ የማተሚያ ሰሌዳውን ቁጥር ይዟል። በሥራ ላይ የዋሉት ሰሌዳዎች ከ71 እስከ 225 ባለው ቁጥር ውስጥ 150 ያህል ናቸው። ከእነዚህ መካከል 77ኛው እጅግ ብርቅ ነው፤ የቀሩት አብዛኞቹ ግን በተራ ሰው አቅም ይገኛሉ። አንድ ቀይ ቴምብር ብቻ ያለው ሰው ይህን ሥራ ማሰብ አይችልም። መቶ ያለው ግን ዛሬውኑ ይጀምራል።

በዘመናችንም ተመሳሳይ መምህር አለ። ቀራፂው አርኖልድ ማሺን በሠራው የንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የጎን ገጽታ የታተመው የእንግሊዝ ቴምብር ከሰኔ 5 ቀን 1967 ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። ከእንግሊዝ ደብዳቤ የደረሰው ቤት ሁሉ አንዱን አያጣም። ምስሉ ያው ነው፤ ዝርዝሩ ግን ተለዋውጧል። ቀለሙና ዋጋው ብዙ ነው። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ደብዳቤ ለሚለዩ ማሽኖች ምልክት እንዲሆን የተደረገ የፎስፈር ሰንበር ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት። ከ1993 ጀምሮ በሁለቱ ጎኖች ከሌሎቹ የሰፋ ሞላላ ቀዳዳ ገባ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ቴምብሩ ሳይቀደድ እንዳይላቀቅ ስንጥቆች ተጨመሩበት። እነዚህን ለመለየት ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦና በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ የሚለካ መለኪያ ይበቃሉ።

ማኅተሙን ማንበብ

ቴምብሮቹ በእርግጥ አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ የተመታባቸው ማኅተም ይለያያል። ማኅተም የቦታና የቀን ምስክር ነው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች አንዱን ተራ ቴምብር መርጠው በዓመቱ በእያንዳንዱ ቀን ማኅተም የተመታበትን ይፈልጋሉ፤ ውሎ አድሮ ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ይሆናቸዋል። ሌሎች በከተማ ይደረድራሉ። በኢትዮጵያ ቴምብር ላይ የፖስታ ቤቱ ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል ስለሚገኝ ለዚህ የተመቸ ነው። ካርታ ዘርግቶ ጎንደር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ደሴ እያሉ የየከተማውን ማኅተም በቦታው ማስቀመጥ ልጅም አዋቂም የሚደሰትበት ሥራ ነው።

ማኅተም ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳየው የራሳችን የመጀመሪያ ቴምብር ነው። በ1894 የዳግማዊ ምኒልክንና የአንበሳውን ምስል ይዘው የወጡት ሰባት ቴምብሮች፣ ፈረንሳዊው ዩዤን ሙሾን ነድፏቸው ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ለሰብሳቢ የተሸጡት ብዙ ስለሆኑ እስከ ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። በዘመናቸው ፖስታ ላይ ተለጥፈው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው የተጓዙት ግን ብርቅ ናቸው። ምስሉም ወረቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ጉዞው ነው። ፖስታውን እንዳለ ያቆዩት ያልነው ለዚህ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሮም ወይም ከጅዳ ዘመድ የላከው ደብዳቤ ከነፖስታው ሲቀመጥ የመጣበትን ቦታና ቀን ይዞ ይቆያል።

ለልጆችና ለተቸገሩ

ከጥናቱ የተረፈው መሰጠት አለበት። ቀዳሚው መንገድ መለዋወጥ ነው፤ ለእኛ ተራ የሆነው የኢትዮጵያ ቴምብር በሌላ አገር ላለ ሰብሳቢ አዲስ ነው፤ የእሱም ተራ ለእኛ እንዲሁ።

ሁለተኛው ለልጆች መስጠት ነው። ውድ ቴምብር ለልጅ አይሰጥም፤ ተራው ግን ቢቀደድም ጉዳት የለውም። አንድ መምህር መቶ ትርፍ ቴምብር ይዞ ሙሉ የጂኦግራፊ ትምህርት ማስተማር ይችላል። «ሄልቬሺያ» የሚለው የማን ነው? የስዊዘርላንድ። «ማጃር»? የሀንጋሪ። «ሱኦሚ»? የፊንላንድ። የእስራኤሉ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የአገሩን ስም የማይጽፈውስ? እንግሊዝ ነው፤ ቴምብርን የጀመረች አገር ስለሆነች የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ምስል ይበቃታል።

ሦስተኛው በጎ አድራጎት ነው። በጀርመን ቢለፌልድ ከተማ የሚገኘው የቤቴል ተቋም በፓስተር ፍሪድሪሽ ፎን ቦደልሽቪንግ ዘመን፣ በ1888፣ ያገለገሉ ቴምብሮችን ከሕዝብ መቀበል ጀመረ። ሰዎች የላኩትን ቴምብር የሚቆርጡትና የሚለዩት አካል ጉዳተኞች ናቸው፤ የተለየው ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ማንም ዋጋ ያልሰጠው ቁራጭ ወረቀት ለብዙዎች የዕለት ሥራ ሆኗል። በብሪታንያም ያገለገለ ቴምብር ተቀብለው ገንዘቡን ለሥራቸው የሚያውሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ።

ሥዕል የሚሆን ቴምብር

ቴምብርን ለጌጥ ማዋል ከመሰብሰብ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ቴምብር በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1841፣ አንዲት ወጣት የመልበሻ ክፍሏን ግድግዳ ባገለገሉ ቴምብሮች ለመሸፈን ፈልጋ ለንደን በሚታተመው ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣች፤ ያን ጊዜ 16,000 ሰብስባ ነበር። በዘመናችን ደግሞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፎክስቦሮ በሚገኝ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ2009 በናዚ ጭፍጨፋ ላለቀ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቴምብር መሰብሰብ ጀመሩ። ግባቸው 11 ሚሊዮን ነበር፤ በ2017 ደረሱበት። ከተሰበሰበው ውስጥ ቆርጠውና ለጥፈው 18 ሥዕሎች ሠርተዋል። ያገለገለ ቴምብር የተመረጠው ማንም ሳያስብለት የሚጣል ነገር ስለሆነ ነው፤ የእነዚያም ሰዎች ሕይወት እንደማይረባ ተቆጥሮ ተጥሏልና። ቁጥሩን በእጃቸው የቆጠሩ ልጆች 11 ሚሊዮን ምን ያህል እንደሆነ ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ተረድተዋል።

ቤት ውስጥም የሰላምታ ካርድ፣ የመጽሐፍ ምልክት፣ የሣጥን ክዳን ማስጌጥ ይቻላል። ሙጫ ከመቀባትዎ በፊት ግን ጥርሱን፣ ቀለሙንና ማኅተሙን ይፈትሹ፤ የተለጠፈ አይመለስም።

ማኅተም ያልተመታበት ትርፍ ካለዎት ደብዳቤ ላይ ይለጥፉት። በአሜሪካ ከ1861 ወዲህ የወጡ ቴምብሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አሁንም በዋጋቸው ይሠራሉ፤ ስለዚህ በርካታ ሰብሳቢዎች ፖስታቸውን በአሮጌ ቴምብሮች ሞልተው ይልካሉ። የተመታበትን አጥቦ ዳግመኛ መለጠፍ ግን ወንጀል ነው።

እንግዲህ ሥራው በቀላሉ ይጀመር። ከቆርቆሮው አንድ ዓይነት የሚመስሉ አሥር ቴምብሮችን አውጥተው በነጭ ወረቀት ላይ ይደርድሩ። ቀለማቸውን ያወዳድሩ፣ ጥርሳቸውን ይቁጠሩ፣ ማኅተማቸውን ያንብቡና ያገኙትን ልዩነት በእያንዳንዱ ሥር ይጻፉ። ልዩነት ያለውን ያስቀሩ። የቀረውን ከሁለት ከፍለው ግማሹን ለልጅ፣ ግማሹን ለሚለዋወጥ ሰው ይስጡ። ትርፍ የተባለ ሁሉ ባለቤት ያገኛል።