ቤንዚን ወይስ ባትሪ? የማገዶ መጋዝና የእናቶች ጉልበት

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶና ወደ ጭሮ የሚያመራ መንገደኛ አሰቦት ሲደርስ ሁለት ነገሮች ዓይኑን ይስቡታል። አንደኛው ከሜዳው መካከል ጎልቶ የሚታየው የአሰቦት ተራራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመንገዱ ዳር ለሽያጭ የተደረደረው የከሰል ጆንያና የማገዶ እሥር ነው።

ከእያንዳንዱ እሥር ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት አለች። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ እንጨቱን ትፈልጋለች፤ በመጥረቢያ ትቆርጣለች፤ አሥራ ትሸከማለች፤ እቤቷ ስትደርስ ትፈልጣለች፤ በመጨረሻም ታደርቃለች። የማገዶ ሥራ እንግዲህ አንድ ሳይሆን አምስት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱን፣ ማለትም ቆረጣውን፣ የሚያፋጥነው የሞተር መጋዝ ወይም በተለምዶ «ቼይንሶ» የሚባለው መሣሪያ ነው። በአሁኑ ጊዜ በገበያ ላይ የሚገኘው በሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ በቤንዚን፣ ሌላው በባትሪ ይሠራል። እስቲ ዐሥር ሆነው ዕቁብ የሚጥሉ እናቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ መጋዝ ለመግዛት መከሩ እንበል። የትኛውን ቢገዙ ይበጃቸዋል? አዋጥተው የገዙት መሣሪያ ሳይጠቅማቸው ቀርቶ «ከእጅ አይሻል ዶማ» እንዳይሆንባቸው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባቸውን እንመልከት።

የሞተር መጋዝ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው አንድሬአስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በመጀመሪያ የሠራው መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ነበር። የቤንዚኑን የሠራው ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1929 ነው። ያን ጊዜ መጋዙ እጅግ ከባድ ስለ ነበር ለመያዝ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱም ዓይነት አንድ ሰው የሚይዛቸው ሆነዋል፤ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ።

የቤንዚኑ መጋዝ

የቤንዚን መጋዝ ዋና ጥቅሙ ጉልበቱና ከሶኬት ርቆ መሥራቱ ነው። ነዳጁ ሲያልቅ እንደገና ሞልቶ ሥራ መቀጠል ይቻላል። ወፍራም የደረቀ ግራር ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው እስካሁን ይህን የሚስተካከል የለም።

ችግሮቹ ግን በርካታ ናቸው። በመጀመሪያ ቤንዚኑ ብቻውን አይጨመርበትም፤ ከዘይት ጋር መደባለቅ አለበት። በብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች መጠኑ 50 ለ1 ነው፤ ይኸውም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀ ዘይት ማለት ነው። ይህን በዓይን ግምት ከማድረግ ይልቅ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሁለት ጊዜ ሞልቶ መለካት ይሻላል። ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩ ይነክሳል፤ ሲበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። የተደባለቀው ነዳጅ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ደግሞ ካርቡራተሩን ያበላሻል።

ሁለተኛው የነዳጅ ነገር ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በመጀመሩ የቤንዚን ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ቤንዚን በጄሪካን መሸጥ የሚከለከልበት ጊዜና ቦታም ብዙ ነው። ለመጋዙ ሁለት ሊትር የምትሻ እናት በየማደያው መንከራተት ይጠብቃታል።

ሦስተኛውና ዋናው የጤና ጉዳይ ነው። የቤንዚን መጋዝ ጩኸት 105 ዲሲቤልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሠራተኛ ጤና ባለሙያዎች የሚቀበሉት የ8 ሰዓት ልክ 85 ዲሲቤል ሲሆን፣ በ100 ዲሲቤል ግን ጆሮን ሳይሸፍኑ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት ጉዳት ያመጣል። ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ መርዝ በእናት ደም በኩል ወደ ፅንስ ስለሚያልፍ ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መጋዝ ልታሠራ፣ ወይም ሲሠራ አጠገቡ ልትቆም አይገባትም። በመጋዘን ውስጥ ወይም በግንብ በተዘጋ ጠባብ ግቢ ማሠራትም ለማንም አደገኛ ነው።

የጋለው የጭስ ማውጫ በደረቅ ሣር ላይ ሲያርፍ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን በእሳት ሲጋይ መነኮሳቱና ምእመናኑ እሳቱን ለማጥፋት ምን ያህል እንደ ደከሙ የሚያስታውስ የአካባቢው ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አይንቀውም። ነዳጅ መሙላት የሚገባው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሣር በሌለበት ባዶ መሬት ላይ ነው።

የባትሪው መጋዝ

የባትሪ መጋዝ ቁልፉን ሲጫኑት ይነሣል፤ ሲለቁት ይቆማል። ገመድ መሳብ፣ ነዳጅ መለካት፣ ካንዴላ መፍታት የለም። ጭስ አያወጣም፤ ንዝረቱም ያነሰ ነው። ድምፁ ከቤንዚኑ ይቀንሳል እንጂ ጆሮ የማይጎዳ ነው ማለት አይደለም፤ በርሱም ቢሆን ጆሮን መሸፈን ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ወጪውን ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የተለመደ ባለ 36 ቮልት፣ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 180 ዋት ሰዓት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ባትሪውን አንድ ጊዜ መሙላት ምጣዱን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ እንደ ማሠራት ነው። አምስት ጊዜ ቢሞላ እንኳ የሚቆጥረው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? አንድ ባትሪ በሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው። እንደ ግራር ያለ ጠንካራና ደረቅ እንጨት ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይደክማል። መልሶ ለመሙላት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ባትሪው በዓመታት ውስጥ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚለወጥበት ዋጋም ቀላል አይደለም። ሙቀትም ጠላቱ ነው። በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ትቶ መሄድ ወይም ገና እንደ ጋለ ቻርጀር ላይ መሰካት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በጥላ ሥር ማብረድ፣ መሙላትም በማታ ወይም በማለዳ ይገባል።

የመብራት መጥፋትም አለ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሚኤሶ በኩል በኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። ይህ ሁሉ ግን በየቤቱ ሶኬት ዘወትር መብራት አለ ማለት አይደለም። ባትሪው የሚጠቅመው መብራት በመጣ ጊዜ ሞልቶ ማስቀመጥ ለለመደ ቤተሰብ ነው።

በሁለቱም ላይ የሚሠራ ጥንቃቄ

ዝም ያለ መጋዝ የዋህ አይደለም። የባትሪውም ሰንሰለት እንደ ቤንዚኑ ሥጋና አጥንት ይቆርጣል። እንዲያውም ድምፁ ስለሚያንስ ልጆች ሳይፈሩት ሊጠጉት ይችላሉ። ሥራው ሲያበቃ ባትሪውን ነቅሎ መጋዙንና ባትሪውን ለየብቻ መቆለፍ ያስፈልጋል።

ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፉ፣ በተለይም የላይኛው ማዕዘን፣ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ይራገጣል። ስለዚህ በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ፣ ከትከሻ በላይ አለማንሣት፣ መነፅርና ጠንካራ ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው። ነጠላም ሆነ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌም ሆነ የቀሚስ ጫፍ ተንጠልጥሎ መጋዝ ማንሣት ሞትን መጥራት ነው።

ሁለቱም ዓይነቶች የሰንሰለት ዘይት ይፈልጋሉ። አንዳንዶች ወጪ ለመቀነስ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ይጨምራሉ። ይህ ዘይት መርዛም ነገሮች አሉበት፤ በእጅ፣ በልብስና እንጀራ በሚጋገርበት እንጨት ላይ ይረጫልና መቅረት አለበት። ሰንሰለቱ ሲደንዝ ደግሞ በሞረድ መሳል እንጂ በጉልበት መጫን አያዋጣም። አፈር የነካ ሰንሰለት ወዲያው ይደነዝዛል።

ምን ይቆረጥ?

ፈጣን መሣሪያ በእጅ ሲገባ ጥያቄው ምን ያህል እንቁረጥ ሳይሆን የቱን እንቁረጥ መሆን አለበት። የአሰቦት ተራራ ጥድና ወይራ ለማደግ ረጅም ዓመታት የፈጀባቸው ናቸው። ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። በመጥረቢያ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ዛፍ በመጋዝ በደቂቃዎች ይወድቃል። ያለ ፈቃድ የመንግሥትን ወይም የማኅበረሰብን ደን መቁረጥም በደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ያስቀጣል።

ለማገዶ የሚሆነው በግቢና በማሳ ዳር የተተከለ፣ ቢቆረጥም የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። በጭሮ አካባቢ ባሕር ዛፍ አለ። ከአፋር በኩል የተስፋፋውና በ1970ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ፕሮሶፒስ ደግሞ ግጦሹን ያጠፋ እሾኻም ዛፍ ቢሆንም እንጨቱ ጥሩ ማገዶ ነው። ከመሬት በላይ ሲቆረጥ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ በመጋዝ ብቻ አይጠፋም፤ ለማገዶ ግን በየጊዜው ሊቆረጥ ይችላል። እሾኹ የሚያቆስል ስለ ሆነ ጠንካራ ጓንት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ?

በከተማ ለሚኖር፣ መብራት ላለውና የተገዛ ግንድ ወይም የግቢ ዛፍ ቅርንጫፍ ለማሳጠር ለሚፈልግ ቤተሰብ የባትሪው ይሻላል። ከመብራት ርቆ ቀኑን ሙሉ ፕሮሶፒስ ለሚመነጥር ማኅበር የቤንዚኑ ይሻላል፤ ይሁንና አሠራሩን በሚገባ የተማረ ሰው ሊይዘው፣ ጆሮውንና ዓይኑንም ሊሸፍን ይገባል። በሳምንት አንድ ሁለት ሸክም ብቻ ለምትጠቀም እናት ግን በደንብ የተሳለ የእጅ መጋዝና አንድ ጥሩ መጥረቢያ ይበቃል።

ዐሥሩ የዕቁብ እናቶች በከተማ የሚኖሩ ከሆነ ምክራችን ይህ ነው። አንድ መካከለኛ የባትሪ መጋዝ ይግዙ፤ የቀረውን ገንዘብ ግን በሌላ መጋዝ ላይ አያውሉት። መጋዝ ከአምስቱ ሥራዎች አንዱን ብቻ ያቀላልና። ቆረጣው በሞተር ሲሆን ሥራውን ወንዶች ይረከቡታል፤ ሸክሙ ግን በእናቲቱ ጀርባ ላይ እንደ ነበረ ይቀራል። እንዲያውም ብዙ እንጨት በአጭር ጊዜ ስለሚቆረጥ ሸክሙ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የቀረው ገንዘብ ለአህያ ጋሪ ኪራይና ለ«ምርጥ» ምድጃ ይዋል። ይህ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። እንጨቱም ተፈልጦ፣ ዝናብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለጥቂት ወራት ቢደርቅ ጭሱ ያንሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስና ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ያልተቆረጠ እንጨት ሸክም የለውም። እናትን ከሁሉ በላይ የሚያሳርፋት መጋዙ የቆጠበላት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ምድጃዋ ያላስፈለጋት እሥር ነው። እናቶች ሆይ፥ መጋዝ ለመግዛት ከመምከራችሁ በፊት ምድጃችሁን ተመልከቱ።