አንድ ገንዘብ፣ ሁለት ጥቅም

በጊንጪ አካባቢ መረሬ መሬት የሚያርስ ገበሬ አንድ ነገር በደንብ ያውቃል። ክረምት ሲገባ ውሃ ማሳው ላይ ከተኛ ሰብሉ ይበላሻል። ስለዚህ ፈሰስ ያወጣል። ከተማም እንደ ማሳ ነው። ውሃው መውጫና መስረጊያ ካጣ ይጎዳዋል።

እንዴት? የከተማ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ መንገዱም አስፋልትና ድንጋይ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት አይሰርግም። ቆሻሻውን እየጠረገ ሄዶ ቦዩን ይደፍናል። ከዚያ ጎርፉ ቤት ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በወንዝ ዳር የሚኖረው ድሃ ነው። ዛፍና ሣር ግን የዝናቡን ጉልበት ይሰብራሉ። ሥሮቻቸው አፈሩን ይይዛሉ፤ ውሃውም ቀስ እያለ ይሰርጋል።

ታዲያ ዛፉን ማን ይትከል? ቦዩንስ ማን ይጥረግ? ክፉ ዘመን ሲመጣ በከተማ ሥራ ይጠፋል። የቀን ሠራተኛው ገቢ ሲያጣ ጤፍና ሽንኩርት አይገዛም። ያን ጊዜ የገበሬውም ገበያ ይቀዘቅዛል። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ሥራ ሲከፍት ግን ገበያው ይነቃል።

በአሜሪካ ከ1933 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. እንዲህ ተደርጓል። ሥራ ያጡ ወጣቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ዛፍ ተከሉ። አብዛኛው ደመወዝ ለወላጆቻቸው ይላክ ነበር። በአገራችንም በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ተጀመረ። ድሆች መንገድ እያጸዱ፣ ቦይ እየጠረጉ፣ ችግኝ እየተከሉ ተከፈላቸው። የኮሮና በሽታ ሥራ ካቀዘቀዘ በኋላም በ2013 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ወደ ተጨማሪ ከተሞች እንዲሰፋ ገንዘብ ተመደበ።

ነገር ግን መትከል ብቻውን አይበቃም። አጥር ከሌለው ችግኙን ከብት ይበላዋል፤ በበጋ ካልጠጣም ይደርቃል። ያን ጊዜ ከገንዘቡ የተገኘው ጥቅም የአንድ ቀን ደመወዝ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለመትከያ ገንዘብ ሲመደብ ለመንከባከቢያም አብሮ መመደብ አለበት።

ጠባቂ ያለው ዛፍ እንደሚቆይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጊንጪ በስተሰሜን የጭሊሞ ደን አለ። ጥዱን፣ ዝግባውንና ወይራውን የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ሲጠብቁት ቆይተዋል። ገበሬ ዘርቶ ዝም አይልም፤ ያርማል፣ ይጠብቃል። የከተማ ዛፍም እንዲሁ ነው።

ጥያቄዎች
1. የከተማ ሠራተኛ ገቢ ሲያጣ ገበሬው ለምን ይጎዳል?
2. በአካባቢያችሁ ከተተከለው ችግኝ ስንቱ ጸደቀ? የደረቀውስ ለምን ደረቀ?