ያውቁ ኖሯል? ጠገራ ብር በአሞሌ ሲመነዘር

ዛሬ አንዱ የክሪፕቶ ቶክን በሌላው እንደሚቀየር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ቡሬንና ባሶን በመሳሰሉ የጎጃም ገበያዎች ጠገራ ብር በአሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር። ምንዛሪው ግን በየአገሩ ይለያያል፦ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ በራቁ ቁጥር በአንድ ብር የሚያገኙት አሞሌ ያንሳል።

• አሞሌ፦ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር። ከተሰበረ ወይም ዝናብ ካሟሟው ዋጋው ይወርዳል።

• ጠገራ ብር፦ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢሠራ በላዩ የሚታተመው ዓመት 1780 ነው። ጠንቃቃ ተቀባይ በምስሉ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ቆጥሮ ይቀበል ነበር።

• ቶክን፦ በአንዱ ብሎክቼይን (ዲጂታል የግብይት መዝገብ) ላይ ያለ ቶክን በቀጥታ ወደ ሌላው አይሻገርም። በብዙዎቹ የማሻገሪያ ሥርዓቶች ዋናው ባለበት ይቆለፍና ምትኩ በሌላኛው ብሎክቼይን ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ምትኩን ሲመልስ ምትኩ ይሰረዛል፤ ዋናውም ይለቀቃል።