ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ መኪና በማሻ የሚደረግ ክርክር

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይኸውም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ካስታወቀ በኋላ፣ በማሻ ከተማ መኪና ዐዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን «መኪናስ ድሮ ቀረ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በነዳጅ ወረፋ ያለፈውን ቀን እያሰበ አዲሱን ያመሰግናል። ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ለሚያስጭን ነጋዴ የትርፍና የኪሳራ ጕዳይ ስለ ሆነ ለጋዜጣችን አንባብያን ማቅረቡ ተገቢ መስሎናል።

አሮጌውን የሚያወድሱት ሰዎች ምስክራቸው ብዙ ነው። ቶዮታ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 ያወጣው 70 የሚባለው ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ በዚህ አገር ጭቃ ላይ የታመነ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩና ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ስለ ሆነ፣ መንገድ ላይ ቢቆም ሾፌሩና ረዳቱ በአንድ ሣጥን መፍቻ ሊያስነሡት ይችላሉ። የአይሱዙም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ ዝናብ በሚጥልበት በማሻ፣ ይህ ባሕርይ ከምቾትና ከመልክ ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ማንም አይክድም።

ሆኖም ፍቅር ዐይንን መጋረዱ አይቀርም። እኔ በምሠራበት ንግድ ቤት የመኪናውን ወጪ መዝገብ የምይዘው ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ የአሮጌውን መኪና ምስጋና ስሰማ የባሌስትራው፣ የፍሪሲዮኑ፣ የፍሬን ሸራውና የጎማው ሒሳብ ወዲያው ይታወሰኛል። መኪናው አይሞትም የሚባለው እውነት ነው፤ የማይሞተው ግን በየወሩ ስለሚመገብ ነው። ከዚህም በላይ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለ ጣለ፣ ያገለገለ መኪና ከውጭ በርካሽ የሚመጣበት ዘመን አልፏል። ብዙ ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ የምናየውም ስለዚሁ ነው። እንዲህ ያለው ዋጋ የመኪናውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የገበያውን ጥበት ጭምር ይናገራል።

አዲሱን የሚደግፉትም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባው ደግሞ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን በ2014 ዓ.ም. ተወስኗል። ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው በመሆኑ፣ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ናፍጣ ይልቅ በአገር ውኃ መንዳት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ክብደት አለው። ከዚህ ሌላ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከማሻ በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደውን ቍልቍለት እናስብ። የናፍጣው መኪና በዚያ መንገድ የሚያተርፈው የጋለ ፍሬን ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ሲይዘው ከቍልቍለቱ ጥቂት ኀይል ለባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም ይተርፋል። ካንዴላ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው! መዝገብ ያዥ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ነገር ግን መኪናው አንድ ቀን በቆመ ጊዜስ? ከገቡት መካከል ለሌላ አገር ገበያ ተብለው የተሠሩ አሉ። ለምሳሌ አይዲ6 የሚባለው ፎልክስዋገን የተሠራው ለቻይና ገዢዎች ነው፤ በገጹ ላይ የሚታየውንም የቻይና ጽሕፈት አንብቦ ጉድለቱን የሚናገር ሰው በአካባቢያችን አይገኝም። ጉድለቱን የሚለየው መፍቻ ሳይሆን የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። የመብራት መቋረጥንም፣ ከወለሉ ሥር ያለው ባትሪ በድንጋያማ መንገድ ላይ የሚያስከትለውን ሥጋትም እንዲሁ ማሰብ ይገባል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ስለ ሞተር ሲከራከሩ ስለ ንግዱ ይረሳሉ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የዚህ አገር ቡና በበቅሎ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበረ። መኪና መታያ መሆኑ ቀርቶ በቅሎን የተካው ግን ጥገናው ሲከተለው ነው። ይህንንም ከጋራዥ ቋንቋችን መረዳት ይቻላል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ የኢጣሊያ ቃላት ናቸው። ኤን ትሬ የተባለው ፊያት በመላ አገሪቱ የተወደደው ብርቱ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ከመኪናው ጋር መለዋወጫው፣ ሠሪውና የመሣሪያው ስም ጭምር ስለ መጡ ነው። ቶዮታም ቢሆን፣ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ ተጭኖ ማሻ ባይደርስ ኖሮ፣ ዛሬ የሚመሰገነውን ያህል ባልተመሰገነ ነበር።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ መኪናውን ብቻ ሲያስመጣ ግማሹን ዕቃ በመርከብ ላይ ትቶ እንደ መጣ ይቈጠራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ መለዋወጫ ይዞ መቀመጥ ብዙ ገንዘብ እንደሚያስር እናውቃለን። ቢሆንም ሚዛን አማን፣ ቴፒ ወይም መቱ ላይ አንድ መመርመሪያና ጥቂት ዕቃ ይዞ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ወጣቶችን አሠልጥኖ የሚቀመጥ አስመጪ ቢገኝ፣ ከእርሱ የሚገዛው ሰው አይጠፋም።

ነገሩን የሚያስቸኩለው የቡናው ጠባይ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ዋጋውም ይበላሻል። በለቀማው ወራት አንድ ቀን የቆመ መኪና ከጋራዡ ሒሳብ ይልቅ የሚያስከፍለው ይህ ነው። የምሠራበት ንግድ ቤት ባለቤት ለአነስተኛ ጭነት የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት እያሰቡ ስለሚገኙ፣ ለሻጮች በምጽፈው ደብዳቤ ሦስት ጥያቄዎች እንድጨምር አዘውኛል። የባትሪው ዋስትና በማሻ መንገድ ላይ ይጸናልን? ለማሻ የሚቀርበው የሠለጠነ ሠሪ በየትኛው ከተማ ይገኛል? የታዘዘ መለዋወጫስ በስንት ቀን ይደርሳል? እስካሁን ስለ ዋጋውና ስለ ቀለሙ በቂ መልስ አግኝተናል።