ሪሲቨሯ የቻለችው ኮምፒውተሩን ለምን አቃተው?

አርብ ገበያም ይሁን ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሻይ ቤት ተቀምጦ ኳስ ያየ ሰው ከቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠውን ጥቁር ሪሲቨር ያውቃታል። ክዳኗ ቢከፈት ውስጧ ከአንድ ቦርድ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። የፕሮሰሰሯ ጉልበት ደንበኞቹ ኪስ ውስጥ ካሉት ስልኮች ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ከሳተላይት የሚወርደውን ጨዋታ 90 ደቂቃ ሙሉ ሳትቆራረጥ ታሳያለች። ይህችኑ ሪሲቨር ሞባይል ቤት ፊልም በተጫነበት ፍላሽ ይሞክሯት፤ አንዱን ፊልም ደህና አድርጋ ትከፍታለች፣ የሌላው ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ሦስተኛውን ጭራሽ አላውቀውም ብላ ትመልሰዋለች።

ዛሬ ላስተዋውቅ የተነሳሁት ሪሲቨሯን ሳይሆን የእሷን የቅርብ ዘመድ ነው። በአንድ ቦርድ ላይ የተሠሩ፣ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጫንባቸው፣ የባንክ ካርድ የሚያክሉ ኮምፒውተሮች አሉ። በጣም የታወቀው «ራስበሪ ፓይ» ሲሆን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 እንግሊዝ አገር በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበ። «ኦሬንጅ ፓይ»፣ «ኦድሮይድ»፣ «ሮክ» የሚባሉትም የዚሁ ወገን ናቸው። ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን ከተሰካላቸው የቢሮ ኮምፒውተር ይሆናሉ። በ5 ቮልት ይሠራሉ፤ ራስበሪ ፓይ 4 ከ15 ዋት የማይበልጥ ቻርጀር ይበቃዋል። መብራት በሚጠፋበት አገር በባትሪና በሶላር ማሠራት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። «ኪዊክስ» ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያን፣ «ኮሊብሪ» ደግሞ የትምህርት ቪዲዮዎችን እንዲያቀርቡ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም እንዲህ ባለ ቦርድ ላይ ይጫናሉ።

ትምህርትን በስክሪን ማቅረብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባላቸው ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ያኔ የተማረ ሁሉ መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ፣ ስክሪኑ ሳይጠብቀው በእንግሊዝኛ ሲፈስስ ያስታውሳል። ስለ ማስተማሪያ ዘዴው የሚባል ብዙ አለ፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሥርጭቱ ደህና ሆኖ ሲደርስ ምስሉ አለመንቀራፈፉ ነው። ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ፎርማት አስቀድመው ተስማምተዋልና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች የታደሉት አረንጓዴና ነጭ የ«ኤክስ ኦ» ላፕቶፖች በሊኑክስ የሚሠሩ፣ 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ያላቸው ነበሩ፤ እነሱ ላይ ቪዲዮ ማየት ራሱን የቻለ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

ቪዲዮ ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? ሒሳቡን እንየው። አንድ የ1080ፒ ፍሬም 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ፒክሰል ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ቢታይ ወደ 52 ሚሊዮን ፒክሰል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ፒክሰል 3 ባይት ቢያዝ በሰከንድ 155 ሜጋባይት፣ በአንድ ሰዓት 560 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ሞባይል ቤት የሚጫነው ፊልም ግን ሁለት ጊጋ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚያመጣው «ኮዴክ» የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 እያንዳንዱን ፍሬም ከነሙሉ ሥዕሉ አያስቀምጥም። የኳስ ሜዳው ሣር ካለፈው ፍሬም ወዲህ ካልተለወጠ «ያው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ካሜራው ዞሮ ከሆነ «ይህ ቁራጭ 12 ፒክሰል ወደ ግራ ሄዷል» ብሎ ይመዘግባል፤ አዲስ የመጣውን፣ ለምሳሌ ሮጦ የገባውን ተጫዋች፣ ብቻ ይሥላል። የሚያየው ሰው ዘንድ ሲደርስ ይህን ሁሉ ትእዛዝ በሰከንድ 25 ጊዜ ፈትቶ ሥዕሉን መልሶ መሥራት የግድ ነው።

ይህን ሥራ ለጠቅላላው ፕሮሰሰር ከሰጡት አራቱም ኮሮቹ መቶ በመቶ ይያዛሉ፣ ቦርዱ ይግላል። ራስበሪ ፓይ 4 ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፊልሙም ስታክ ያደርጋል። ስለዚህ የቺፕ ሠሪዎች ከፕሮሰሰሩ ጎን ኮዴክ መፍታት ብቻ የሚያውቅ ሰርኪዩት ያስቀምጣሉ። ሥራውን በትንሽ ኃይል ይጨርሳል፤ ጉድለቱ ከተሠራለት ፎርማት ውጭ ምንም አለማወቁ ነው። የሻይ ቤቷ ሪሲቨር ምስጢርም እዚሁ ላይ ነው። ጣቢያዎች በኤችዲ መምጣት ሲጀምሩ የድሮዎቹ ኤስዲ ሪሲቨሮች ድምፅ እያሰሙ ስክሪኑን ጥቁር ያደረጉት ኤች.264 የሚፈታ ሰርኪዩት ስላልነበራቸው ነው፤ የዲሹ አቅጣጫ ቢነካካ ምንም አይፈይድም ነበር።

ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ችግሩ ይደራረባል። ሪሲቨሯን የሠራው ድርጅት ቺፑን፣ ድራይቨሩንና ማሳያውን ለአንድ ዓላማ አገጣጥሞ ነው የሸጣት። ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ግን አንዲት ቪዲዮ ስክሪን ላይ እስክትወጣ በብዙ እጅ ታልፋለች። ኮዴኩን የሚፈታው ሰርኪዩት አንድ ነው፤ መስኮቶችን፣ ጥላዎችንና ሦስት አውታረ መጠን ያላቸውን ጨዋታዎች የሚሥለው ጂፒዩ ሌላ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ወደ ኤችዲኤምአይ ገመዱ የሚልከው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለእያንዳንዱ በሊኑክስ እምብርት፣ በከርነሉ፣ ውስጥ ድራይቨር የሚባል አገናኝ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለጂፒዩው ከበላዩ «ሜሳ» የሚባለው ሶፍትዌር ይጨመራል፤ ማጫወቻው ሁሉንም ማነጋገር መቻል አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ፈቺው ሰርኪዩት ሥራውን በደንብ ሠርቶም ቪዲዮው ሊቆራረጥ ይችላል። የተፈታው ፍሬም ከሰርኪዩቱ ወደ ጂፒዩው በቀጥታ ካልተላለፈ፣ ፕሮሰሰሩ 52 ሚሊዮኑን ፒክሰል በየሰከንዱ ከአንድ የሚሞሪ ቦታ ወደ ሌላ ሲገለብጥ ይውላል።

የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ ይህን ጣጣ የተወጣው በአቋራጭ ነበር። «ኦኤምኤክስ ፕሌየር» የሚባለው ማጫወቻ ዴስክቶፑን ጭራሽ ሳያማክር ምስሉን በቀጥታ ወደ ማሳያው ይልክ ስለነበር ቪዲዮው ከመስኮቶቹ ሁሉ በላይ ተንሳፍፎ ይታይ ነበር፤ በማውስ ሊያንቀሳቅሱት ቢሞክሩ ምስሉ ንቅንቅ አይልም። አስቀያሚ ነበር፣ ግን በ35 ዶላር ቦርድ ላይ 1080ፒ ያለ መቆራረጥ ይጫወት ነበር። መስኮቶቹን የሚሥለው ደግሞ ደካማው ፕሮሰሰር ስለነበር ፋይል ማውጫውን መክፈት ፊልም ከማየት ይብስ ነበር!

የጂፒዩው አሠራር የቺፑ ሠሪ የብሮድኮም ምስጢር ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው የግራፊክሱን ሰነድ ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ኤሪክ አንሆልት የተባለ የሜሳ ባለሙያ ቀጥሮ ነፃ ድራይቨር ያሠራ ጀመር። «ማሊ» የሚባለውን ጂፒዩ የያዙት የሌሎቹ ቦርዶች ታሪክ ከዚህ ይከፋል። ሠሪው ሰነድ አልሰጠም፤ አሊሳ ሮዘንዝዋይግና ጓደኞቿ ቺፑ የሚቀበለውን ትእዛዝ ከውጭ እየተከታተሉ፣ አንድ በአንድ እየገመቱና እየሞከሩ «ፓንፍሮስት» የተባለውን ድራይቨር ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ ርካሽ የቻይና ቦርድ ገዝቶ መስኮቱ ሳይንቀራፈፍ የሚከፈትለት ሰው የእነዚህ ሰዎች ባለውለታ ነው።

አዲስ ቦርድ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ራስበሪ ፓይ 5ን ይመልከት። ፓይ 4 ኤች.264ንም ተከታዩን ኤች.265ንም የሚፈታ ሰርኪዩት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይ 5 ግን ኤች.264ን አውጥቶ ጥሎ ኤች.265ን ብቻ አስቀረ። ፕሮሰሰሩ በጣም ስለጠነከረ 1080ፒን በራሱ ጉልበት ይወጣዋል ከሚል ስሌት ነው፤ ይወጣዋልም። ሆኖም መብራት ላለበት ቤት የማይታወቀው ትርፍ ዋት በሶላር ለሚያድር ክፍል ይቆጠራል። ዩቲዩብን በተመለከተ ሁለቱም አይመቹም፤ ዩቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ የሚልካቸውን ቪፒ9 እና ኤቪ1 የተባሉ ኮዴኮች የሚፈታ ሰርኪዩት አንዳቸውም የላቸውም። ፓይ 4 ያለው ሰው ዩቲዩብን ኤች.264 እንዲልክ የምታስገድድ ትንሽ ማከያ ብሮውዘሩ ላይ ቢጭን ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ቦርዱ የተንቀራፈፈበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቪዲዮው እየሄደ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየውን «ኤችቶፕ»ን ከፍቶ አራቱ ኮሮች ስንት ላይ እንዳሉ ማየት፤ ሁሉም መቶ በመቶ ከተያዙ ብዙውን ጊዜ ፈቺው ሰርኪዩት ተኝቷል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የጂፒዩውን ስም መጠየቅ፤ መልሱ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ከሆነ ጂፒዩው ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ መስኮት እየሣለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ከቦርዱ አምራች ያረጀ ኮፒ ይልቅ አዲስ ከርነልና አዲስ ሜሳ ያለውን ሊኑክስ መጫን ነው። ብዙ ራም ያለው ሌላ ቦርድ ለመግዛት መሯሯጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለታች ጋይንት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ የሚያቋቁም ሰው ቢያማክረኝ ከቦርዱ በፊት ስለ ቪዲዮዎቹ እጠይቀው ነበር። ከየፍላሹ የተሰበሰበ የትምህርት ቪዲዮ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ኮዴክ የታመቀ ይሆናል። «ኤፍኤፍኤምፔግ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም አንድ ጊዜ ወደ ኤች.264 ለውጦ ማስቀመጥ አንድ ደህና ላፕቶፕ ሌሊቱን ሲሠራው የሚያድር ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፓይ 4ም፣ የተማሪው ስልክም፣ ያቺ ሪሲቨርም ሳይመርጡ ይከፍቱታል። የምስሉም ጥራት 720ፒ ቢሆን ይበቃል። ከየቢሮው የሚወጡት ያገለገሉ ሞኒተሮች ብዙዎቹ ከ1,280 በ1,024 አይበልጡምና፤ ደግሞ መሰኪያቸው ብዙ ጊዜ ቪጂኤ ስለሆነ ከቦርዱ ጋር መቀየሪያ ገመድ አብሮ ማዘዝ ያስፈልጋል።