ዝም ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይደለም
(ስለ ሞተር ብስክሌት ገፊ ዘንጎችና ታፔቶች)

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በሞተር ነገር ምን አገባው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ባለፈው ክረምት እጄ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን መቂ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሽንኩርትና ቲማቲም ከእርሻ ወደ አውራ ጎዳና የሚያመላልሰው በአንዲት ሞተር ብስክሌት ነው፤ የእኔም የደብተርና የመጓጓዣ ገንዘብ የሚገኘው ከእርስዋው ነው። እርስዋ ስትቆም የቤታችን ኑሮ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከእርስዋ የተማርሁትን ላካፍላችሁ ብዕሬን አነሣሁ።

ከአዳማ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ከሚመላለሱት ሞተር ብስክሌቶች ጥቂት ያልሆኑት ቻይና ሠራሽ ናቸው። ከእነዚህ የብዙዎቹ ሞተር ንድፍ የተወረሰው የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ካወጣው ሲጂ 125 ከተባለው ሞተር ነው። ከዚያ በፊት ኩባንያው ከሠራቸው ትናንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ካምሻፍታቸው ከላይ ቴስታታው ውስጥ ሆኖ በሰንሰለት የሚዞር ነበር። ሰንሰለት ደግሞ ክትትል፣ ዘይቱም በወቅቱ መለወጥ ይፈልጋል። በድኻ አገር ሞተር ከጧት እስከ ማታ ይሠራል እንጂ ማን ያሳርፈዋል? መሐንዲሶቹ ይህን አይተው ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱት፤ በሰንሰለት ፈንታም በጥርስ እንዲዞር አደረጉት።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ካምሻፍቱ ላይ ያለው እብጠት ሲዞር ታፔቱን ያነሣዋል፤ ታፔቱ ቀጭኑን ዘንግ፣ መካኒኮች ፑሽሮድ የሚሉትን፣ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዘንጉ ከላይ ያለውን ሮከር የተባለ ክንድ በአንድ ጫፉ ያነሣዋል፤ የክንዱም ሌላ ጫፍ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍተዋል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። የዘንጉ ጫፍና የታፔቱ ጉድጓድ ቀስ በቀስ ቢበሉ ምን ያስደንቃል?

የወንድሜም ሞተር ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረች። አዳማ ወስደናት አንድ መካኒክ ዘንጎቹን ለወጠና ድምፅዋ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ማስተካከያውን አጠበቀው። «ጋሼ፣ ዝም አለች እኮ!» አልሁት። እርሱም «መካኒክ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ደስ እያለው ከፈለ። ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ጧት ጧት አልነሣ አለች፤ ዳገት ላይ አቅም አነሣት፤ በመጨረሻም ጭነትዋን እንደያዘች መንገድ ላይ ቆመች። ቴስታታው ሲነሣ የጢስ ማውጫው ቫልቭ ከንፈሩ ተቃጥሎ ተገኘ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። ክንዱ ያለ ክፍተት ከተጫነው በደንብ አይዘጋም፤ ካልተዘጋም እሳቱ በጠርዙ እየሾለከ ያቃጥለዋል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ቢሰፋ ግን ሞተሩ ይጮሃል፤ ቫልቩም በሙሉ ስለማይከፈት ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ የሚጮኸው ይሻላል፤ የሚጮኸውን ሰው ይሰማዋል፤ ዝም ያለው ግን ሳይታወቅ ይነዳል።

በመቂ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሥራውን እንደገና ሲያሠሩን ያየሁት ሥርዓት ይህ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ዘንግ ከአሮጌው ጋር አቁሞ ርዝመቱን ማስተያየት፤ ከዚያም መስታወት ላይ ማንከባለል፤ የጎበጠ ከሆነ ይንቀጠቀጣል። ታፔቶቹን ለመለወጥ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ይነሣሉ፤ በካምሻፍቱ ላይ የሚያርፈው ፊታቸው የተፋቀ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ አዲስ ዘንግ ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። አሮጌው ዕቃ የሚመለስ ከሆነ እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ጫፎቹ ሁሉ ዘይት ይቀባሉ። የዘንጉ ታችኛ ጫፍ ታፔቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ ላይኛው ጫፍ ከሮከሩ ሥር በትክክል መቀመጡ ሳይረጋገጥ ቡሎን አይጠበቅም። ጓርኒሲዮኑም አዲስ ይሁን።

ማስተካከሉ የሚሠራው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና ልኩ የተሰጠው ለቀዝቃዛ ሞተር ነው። በአዳማ ሙቀት ከጧት የተሻለ ሰዓት የለም። ኮሎው በመፍቻ እየተዞረ «ቲ» የሚለው ምልክት ከመነሻው ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ክንዶች በጣት ሲነኩ ትንሽ መወዝወዝ አለባቸው፤ ካልተወዘወዙ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመራል። ከዚያ ዳዶው ይላላና በክንዱና በቫልቩ መካከል የውፍረት መለኪያው ቅጠል ይገባል። ለሲጂ 125 ልኩ ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ መጽሔት ከታተመበት ወረቀት ውፍረት ብዙ አይርቅም። ቅጠሉ ሲሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። ማስተካከያው እንዳይዞር ተይዞ ዳዶው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ልኩ ሊዛነፍ ስለሚችል እንደገና ይለካል። ሌላ ዓይነት ሞተር ያለው የራሱን መጽሐፍ ይመልከት፤ የሁሉም ልክ አንድ አይደለም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የአዳማው ሥራ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የመቂው አንድ ሙሉ ቀን። በመካከሉ የወንድሜ የሦስት ሳምንት ገቢ ቀረ፤ እኔም ለምዝገባ የመጣሁት በተበደርሁት ገንዘብ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቢቀንስ እንኳ ንቀቱ ዛሬም በእኛ በተማርን ነን ባዮች ዘንድ አለ። ያ ሽማግሌ መካኒክ የወረቀትን ያህል ክፍተት ለማግኘት ሦስት ጊዜ ሲለኩ ሳይ፣ እኔ ለአንድ ድርሰት ያን ያህል ተጨንቄ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና አፈርሁ። ሞተሪቱ አሁን በቀስታ ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ወንድሜም ድምፅዋን ሲሰማ ተረጋግቶ ያድራል።