ፍግ መድኃኒቱን ያጠነክራል?

በጓሮው ጤና አዳም ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚተክል የቆቦ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ተክሉ እንዲፋፋለትና ፈዋሽነቱ እንዲጠነክርለት። ፍግና ኮምፖስት ተክሉን ያፋፋሉ። ፈዋሽነቱን ማጠንከራቸው ግን እንደ ፈዋሹ ውህድ ዓይነት ይለያያል።

ተክል ፈዋሽ ውህዶችን የሚሠራው ራሱን ከተባይ፣ ከበሽታና ከፀሐይ ንዳድ ለመከላከል ነው። በጤና አዳም ቅጠል ያለው ሩቲን የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ብቻ ነው። አፈሩ ናይትሮጅን ሲበዛበት ተክሉ ጉልበቱን ቅጠል ለማብዛት ስለሚያውለው እንዲህ ያለው ውህድ ሊሳሳ ይችላል። በዚያው ቅጠል ያሉት አልካሎይድ የተባሉ ውህዶች ደግሞ ናይትሮጅን አለባቸው፤ አፈሩ ከተራቆተ እነሱም ሊቀንሱ ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚፈጠረው አሊሲን ያለ ድኝ አይሠራም። የዩሪያ ማዳበሪያ ድኝ የለውም፤ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ግን 7 በመቶ አለው። ኮምፖስት ናይትሮጅኑንም ድኙንም ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ተክሉን ሳያስርበውም ሳያጠግበውም ይመግበዋል።

ቆቦ በሚገኝበት በራያ ቆላ ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን የጎሊናና የሆርማት ወንዞችን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፉ ደለል ያመጣለታል፤ የበሰበሰ ቅሪት ግን ለአፈሩ አይተርፍም። ኩበቱ ይነዳል፣ የማሽላው አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ ይሄዳል፣ ሙቀቱም የቀረውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ያለችው ጥቂት ፍግ ለሰፊው ማሳ ባትበቃም ለጓሮ መደብ ትበቃለች፤ ለውጧም ፈጥኖ የሚታየው እዚያ ነው።

በቆላ ኮምፖስት ከመሬት በላይ ከተከመረ ቶሎ ይደርቃል፤ በጉድጓድ፣ በጥላ ሥር ማዘጋጀት ይሻላል። እርጥበቱ ተጠብቆና እየተገላበጠ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ አብዛኞቹ የአረም ዘሮችና በሽታ አምጪ ተህዋስያን ይሞታሉ። ጥሬ ፍግ ሳይበስል በሚበላ ቅጠል ሥር አይደረግ። የጤና አዳሙ ቅጠልም ከተቆረጠ በኋላ በጥላ ይድረቅ፤ የቆላ ፀሐይ መዓዛውን የያዘውን ዘይት ያተንነዋል።

በመጨረሻም፣ የውህዱ መጠን በአፈሩና በአያያዙ ከተለዋወጠ አንድ እፍኝ ቅጠል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሆንም። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት ልትወስደው አይገባም። ሌላውም ሰው ቢሆን የሚወስደውን ባህላዊ መድኃኒት ለጤና ባለሙያ ይንገር።